«እምቢ» ሳይሉ ዝም ሲሉ፦ የአላባማ ሥራ አጦች ጉዳይ

የሥራ አጥነት ክፍያ ተከልክለዋል የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ደስ የሚለው ሰው የለም። ቢሆንም ያ ደብዳቤ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ ይመጣል። እስከ መቼ ይግባኝ ማለት እንደሚቻልና ይግባኙ የት እንደሚላክ ተጽፎበታል። የተከለከለ ሰው ቢያንስ የሚከራከርበት ቦታ አለው።

መልስ ያላገኘውስ? ማመልከቻውን አስገብቶ፣ ደውሎ፣ ጽፎ፣ ወራት ጠብቆ «አዎ»ም «እምቢ»ም ያልተባለ ሰው ወዴት ይሂድ? በአላባማ በቡድን ሆነው የከሰሱ ሥራ አጦች ጥያቄ ይኸው ነበር። ጉዳያቸው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ተወሰነ። መዝገቡ «ዊሊያምስ እና ሪድ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን የመረጥኩት በእኛም ሰፈር ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ዝምታው ነው ብዬ ስለማምን ነው። በዲሲ፣ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በሲያትል፣ በአትላንታ ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ ኤርፖርት ወይም ሆም ኬር ሲሠራ የነበረ ሰው ሥራው ሲቆም ቀድሞ የሚገጥመው የማይነሳ ስልክ ነው። የተከለከለ ሰው ይናደዳል፤ ተናዶም ጠበቃ ይፈልጋል። ዝም የተባለ ሰው ግን ይጠብቃል። ሲጠብቅ ሲጠብቅ ተስፋ ይቆርጥና ይተወዋል።

ገንዘቡ የማን ነው?

አገር ቤት የሥራ አጥነት ኢንሹራንስ የለም። ሠራተኛ ሲሰናበት የሚያገኘው፣ ካገኘ፣ ከአሠሪው የሚከፈል የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ መጥተን የሥራ አጥ ክፍያ ሲባል እንደ መንግሥት ምጽዋት የምናየው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። «የሰው ገንዘብ ለምን እጨቃጨቃለሁ?» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ። ልክ አይደሉም። የሥራ አጥነት ክፍያ ኢንሹራንስ ነው። አሠሪው በሠራተኞቹ ደሞዝ ልክ ግብር እየከፈለ የሚጠራቀም ገንዘብ ነው። በአላስካ፣ በኒው ጀርሲና በፔንሲልቬንያ ደግሞ ሠራተኛውም ራሱ ያዋጣል። ሠርታችሁ የመጣችሁበት መብት ነው።

ሥርዓቱ የተዘረጋው በ1935 በወጣው የሶሻል ሴኪዩሪቲ ሕግ ነው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ሕግ ያወጣል፣ የራሱን መሥሪያ ቤት ያቋቁማል። የፌዴራል መንግሥት ደግሞ የአስተዳደሩን ወጪ ይሸፍናል። ሲሸፍን ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ስቴቱ ክፍያውን ጊዜው በደረሰ ሰዓት መክፈል አለበት። የተከለከለ ሰው ደግሞ ወገንተኛ ባልሆነ ሰሚ ፊት ቀርቦ የመሰማት ዕድል ማግኘት አለበት። ሁለቱም ሕጉ ውስጥ በጽሑፍ ያሉ ናቸው።

«ጊዜው በደረሰ ሰዓት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካሊፎርኒያ ጉዳይ ላይ ተናግሯል። ያኔ ካሊፎርኒያ አንድ ሠራተኛ ይገባዋል ብላ ከወሰነች በኋላ አሠሪው ይግባኝ ካለ ክፍያውን ታቆም ነበር። ፍርድ ቤቱ አይቻልም አለ። ክፍያው መድረስ ያለበት አሠራሩ በፈቀደው ፍጥነት ነው፤ ሥራ አጥ ሰው የሚበላው ዛሬ ነውና። የፌዴራሉ መመሪያም ቁጥር አስቀምጧል። ከመጀመሪያ ክፍያዎች 87 በመቶው፣ እንደ ስቴቱ አሠራር፣ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ መውጣት አለበት። ከመጀመሪያ ደረጃ ይግባኞች ደግሞ 60 በመቶው በ30 ቀን፣ 80 በመቶው በ45 ቀን ውስጥ ውሳኔ ማግኘት አለበት።

እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ። የሚጠቅሙት «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ታገሡ» ስትባሉ ነው።

ሞንትጎመሪ፣ 2020

ኮቪድ ሲመጣ በመላው አሜሪካ በማርች 2020 መጨረሻ ባለው አንድ ሳምንት ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው አዲስ የሥራ አጥ ማመልከቻ አስገባ። ለዚህ የተዘጋጀ ስቴት አልነበረም። ኮምፒውተሮቹ ያረጁ፣ ሠራተኞቹ ጥቂት፣ ስልኩ የተጨናነቀ ነበር። ኮንግረስ በሳምንት 600 ዶላር ጨመረ፤ ግን እሱም የሚደርሰው ፋይሉ ለተከፈተለት ሰው ነው። በአላባማ የስቴቱ ክፍያ ራሱ ያኔ በሳምንት ከ275 ዶላር አይበልጥም ነበር። ቤት ኪራይ ላለበት ሰው 275 ዶላርም ሲዘገይ ብዙ ነው።

በዚያ ዓመት ጁንና ጁላይ ላይ በዋና ከተማዋ በሞንትጎመሪ፣ አላባማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ደጅ ሰው አደረ። መሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ በአካል የሚያስተናግደው እዚያ ነበር። ታጣፊ ወንበር ይዞ የመጣ ነበር፣ ድንኳን የተከለ ነበር፣ መኪናው ውስጥ የተኛ ነበር። ከሩቅ ከተማ ሌሊቱን ነድቶ የደረሰም ነበር። ስልክ ቢነሳላቸው ኖሮ አንዳቸውም እዚያ ባላደሩ ነበር። ይህን ያክል ደጅ የጠኑት አንድ ሰው ፋይላቸውን ከፍቶ ምን እንደጎደለ እንዲነግራቸው ነው። ወረርሽኙ ሰው ከሰው እንዳይገናኝ በሚያዝበት ወቅት መሆኑን ደግሞ አትርሱ።

የአላባማ ይግባኝ አካሄድ በወረቀት ላይ ሲታይ ግልጽ ነው። ማመልከቻ ይገባል፤ አንድ ሠራተኛ አይቶ ይወስናል። ውሳኔው ካልተስማማችሁ ደብዳቤው በፖስታ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ትላላችሁ። ልብ በሉ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከተላከበት ነው፤ እጃችሁ ከገባበት አይደለም። ይግባኙን ራሱን የቻለ ሰሚ ያየዋል። እዚያ ከተረታችሁ ወደ ይግባኝ ቦርድ ትሄዳላችሁ። ከቦርዱ በኋላ ነው የፍርድ ቤት ተራ የሚደርሰው።

እንግዲህ የከሳሾቹን አቤቱታ ከዚህ አንጻር እዩት። ካመለከቱ ብዙ ጊዜ አልፎ ውሳኔ አልተሰጠንም ያሉ ነበሩ። ለምን እንደተከለከሉ በቅጡ እንዳልተነገራቸው የገለጹ ነበሩ። ይግባኝ ብለው ቀጠሮ ሳይያዝላቸው የቀሩም ነበሩ። የእያንዳንዳቸው ታሪክ ይለያያል። አንድ የሚያደርጋቸው ግን ሁሉም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆመው የቀሩ መሆናቸው ነው። አንዱ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ ሌላው ሁለተኛው ላይ።

ሊጋል ሰርቪስስ አላባማ የተባለው ነጻ የሕግ አገልግሎት ድርጅት ጉዳያቸውን ይዞ በስቴቱ ፍርድ ቤት ከሰሰ። የተከሰሱት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። በመዝገቡ ላይ ያለው «ሪድ» የሚለው ስም በኋላ ኃላፊነቱን የተረከቡት የግሬግ ሪድ ነው። ጉዳዩ እስኪያልቅ ኃላፊው ብቻ ሳይሆኑ የመሥሪያ ቤቱም ስም ተቀይሯል። ከሳሾቹ ለደረሰባቸው በደል ካሳ ይሰጠን አላሉም። መሥሪያ ቤቱ ጉዳያችንን ሕጉ በሚለው ፍጥነት እንዲያይ ይታዘዝልን ነው ያሉት። ይህ ልከኛ ጥያቄ ነው። ፍርድ ቤቱን «አንተ ወስንልን» አላሉትም፤ «እንዲወስኑልን እዘዝልን» አሉት።

መውጫ የሌለው ዙር

የስቴቱ መልስ አጭር ነበር። የአላባማ ሕግ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ከመምጣቱ በፊት የመሥሪያ ቤቱን የይግባኝ ደረጃዎች በሙሉ ይጨርስ ይላል። እናንተ አልጨረሳችሁም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ሊሰማችሁ አይችልም።

በ2023 የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ተስማማና ክሱን ዘጋ።

እስቲ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። ከሳሾቹ «ሂደቱ ቆሟል፣ አንቀሳቅሱልን» ብለው መጡ። የተሰጣቸው መልስ «ሂደቱን ስትጨርሱ ኑ» የሚል ነው። ሂደቱን እንዳይጨርሱ ያደረጋቸው ራሱ የተከሰሰው መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ባዘገየ ቁጥር ከክስ የሚጠብቀው ጊዜ ይረዝማል። ጨርሶ መልስ ካልሰጠ ደግሞ ጨርሶ አይከሰስም። በር የቆለፈ ሰው «ገብተህ ቁልፉን ውሰድ» እንደሚለው ዓይነት ነው።

እኔ የአላባማ ዳኞች ክፉ ናቸው ለማለት አይደለም። «መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን ጨርስ» የሚለው ሕግ በራሱ ጤነኛ ሕግ ነው። የአንድ ሳምንት ክፍያ የተከለከለ ሰው ሁሉ በቀጥታ ፍርድ ቤት ቢገባ ችሎቱ ሌላ ሥራ አይሠራም። የይግባኝ ሰሚዎቹም ሕጉን በየቀኑ ስለሚሠሩበት ከዳኛ ይበልጥ ያውቁታል። ችግሩ ሕጉ የተጻፈው መሥሪያ ቤቱ መልስ ይሰጣል በሚል እምነት ላይ መሆኑ ነው። መልስ በማይሰጥበት ጊዜ ያው ሕግ የሠራተኛው መታነቂያ ይሆናል።

የ1871 ሕግ

ከሳሾቹ የተማመኑበት አንድ አሮጌ የፌዴራል ሕግ አለ። የወጣው ኤፕሪል 1871፣ ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት በሥልጣን ላይ ሳሉ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በደቡብ ስቴቶች ነጻ የወጡ ጥቁሮች ሲገደሉና ሲገረፉ የአካባቢው ባለሥልጣናት ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉ ነበር። ኮንግረስ ያወጣው ሕግ፣ ጥቁሮችን ያሸብር በነበረው ቡድን ስም፣ የኩ ክለክስ ክላን ሕግ በመባልም ይታወቃል። በሥልጣን ላይ ያለ የስቴት ሹም የፌዴራል መብታችሁን ከነካ ልትከሱት ትችላላችሁ ይላል። ዛሬ ሕግ አዋቂዎች «ሴክሽን 1983» የሚሉት ይኸው ነው። ቁጥሩ ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ የአንቀጹ ቁጥር ነው። ፖሊስ ሲከሰስ፣ ወህኒ ቤት ሲከሰስ፣ ትምህርት ቤት ሲከሰስ የሚጠቀሰው እሱ ነው።

ስለዚህ ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀድሞ የወሰናቸው ነገሮች ነበሩ። በ1982 በሴክሽን 1983 የሚከስ ሰው አስቀድሞ የስቴቱን አስተዳደራዊ ሂደት እንዲጨርስ አይገደድም ብሏል። በ1988 ደግሞ በዊስኮንሲን ጉዳይ፣ ስቴቶች በራሳቸው ፍርድ ቤት ይህን የመሰለ ክስ የሚያደናቅፍ ቅድመ ሁኔታ መደርደር አይችሉም አለ። በ2009 በኒው ዮርክ ጉዳይም ተመሳሳይ ነገር ተናገረ። የአላባማዎቹ ጠበቆች ክርክር የቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

ክርክሩ የተሰማው ኦክቶበር 7 ቀን 2024፣ ፍርድ ቤቱ የዓመቱን ሥራ በጀመረበት ቀን ነው። አላባማ ሁለት ነገር አጥብቃ ተከራከረች። አንደኛ፣ ይህ ሕግ የፌዴራል ክስ ለማጥቃት የወጣ አይደለም፣ በሁሉም ላይ እኩል የሚሠራ የፍርድ ቤት ሥልጣን ደንብ ነው። ሁለተኛ፣ የዘገየበት ሰው መሥሪያ ቤቱ ግዴታውን እንዲወጣ የሚያስገድድ ትእዛዝ በስቴቱ ሕግ መጠየቅ ይችላል።

ውሳኔው 5 ለ4 ወጣ። የአብላጫውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ብሬት ካቫና ናቸው። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ፣ ሶንያ ሶቶማዮር፣ ኤሌና ኬጋንና ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን አብረዋቸው ቆሙ። ፍርዱ አጭር ነው፤ ነጥቡም አንድ ነው። ሂደቱ ዘገየ ብሎ የሚከስን ሰው ሂደቱን ካልጨረስክ አልሰማህም ማለት፣ ይህን ዓይነት ክስ ጨርሶ እንዳይቀርብ መከልከል ነው። ሹሞቹን ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣቸዋል። ይህን ደግሞ ስቴት ማድረግ አይችልም። የደንቡ ስም «የሥልጣን ደንብ» መባሉም አያድነውም።

የተቃውሞውን ሐሳብ ክላረንስ ቶማስ ጻፉ። ሳሙኤል አሊቶ፣ ኒል ጎርሰችና ኤሚ ኮኒ ባሬት በከፊል ተስማምተዋቸዋል። አራቱ ዳኞች የአላባማ ደንብ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ስለሆነ ሊነካ አይገባም ነው የሚሉት። ቶማስ ብቻቸውን ከዚያም አልፈው፣ ስቴቶች የራሳቸው ፍርድ ቤት የትኛውን የፌዴራል ክስ እንደሚሰማ የመወሰን ሰፊ ሥልጣን አላቸው ብለዋል። ክርክሩ ውሃ የማያነሳ አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፦ ካመለከተ ብዙ ወራት ያለፈው ሰው እስከዚያ ምን ይብላ?

ምን ተገኘ፣ ምን አልተገኘም

ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለማንም ገንዘብ አልፈረደም። ከሳሾቹ የሥራ አጥ ክፍያ ይገባቸዋል አላለም። መሥሪያ ቤቱ ሕግ ጥሷልም አላለም። ያለው «ክሱ ይሰማ» ነው። ጉዳዩ ወደ አላባማ ፍርድ ቤት ተመለሰ። በ2020 ሥራ ያጣ ሰው በ2025 ያገኘው የመሰማት መብት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ መሸፋፈንም አልፈልግም። ፍትሕ ለመጀመሪያው ተበዳይ ዘግይቶ ይደርስና ከኋላው ለሚመጣው ይጠቅማል።

ለሚመጣው ግን በእርግጥ ይጠቅማል። አሁን አንድ ስቴት «እስክንወስንላችሁ ፍርድ ቤት አትሄዱም» ብሎ ሥራ አጥን ከራሱ ፍርድ ቤት ማራቅ አይችልም። ይህ ክልከላን አይመለከትም። በጽሑፍ የተከለከለ ሰው መንገዱ ያው ይግባኙ ነው፤ ቀኑን ሳያሳልፍ ይግባኝ ማለት አለበት። ፍርዱ የሚረዳው መልስ የተነፈገውን ነው።

እኛ በብዛት በምንኖርበት ቨርጂኒያም የዝምታው ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ኤፕሪል 2021 ላይ ክፍያቸው የዘገየባቸው ሴቶች በሪችመንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የስቴቱን የሥራ አጥ መሥሪያ ቤት ከሰሱ። በወሩ ስምምነት ተደረሰና ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱን ቀነ ገደብ ሰጠው። የተጠራቀሙት ጉዳዮች ከ90 ሺህ በላይ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የሄዱት በቀጥታ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ስለነበር የአላባማው ዙር አልገጠማቸውም። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ያሉ ወገኖቻችን ያኔ ወራት የጠበቁበት ወረፋ ይኸው ነው።

ስልኩ ካልተነሳ

ከዚህ ጉዳይ ለራሳችን የምወስደው አንድ ነገር ካለ፣ በመጀመሪያ የጽሑፍ ውሳኔ ማሳደድ ነው። መጥፎም ቢሆን። «ይከልክሉኝና ልረፍ» ማለት ሞኝነት ይመስላል፤ ግን የይግባኝ መብት የሚወለደው ከውሳኔ ነው።

ከማሳደዳችሁ በፊት ግን ውሳኔው ቀድሞ መጥቶ እንደሆነ እዩ። ብዙ ስቴቶች ደብዳቤውን በፖስታ ብቻ ሳይሆን በኦንላይን አካውንታችሁ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። አንዳንዴም እዚያ ብቻ። ማመልከቻውን ልጃችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ ሞልቶላችሁ ከሆነ ኢሜይሉ የእሱ ሊሆን ይችላል። ፓስዋርዱን ጠይቁት፣ ግቡ፣ እዩ። እናንተ ስልክ ስትጠብቁ የይግባኙ ቀን እየነጎደ እንዳይሆን።

ቀጥሎ ስማችሁን ተመልከቱ። እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እኛ የአባት ስም አለን፤ አንዳንዱ ቅጽ ላይ የአያት ስም ገብቷል። በሶሻል ካርዱ አንድ ዓይነት፣ በደሞዝ ወረቀቱ ሌላ ዓይነት፣ በመንጃ ፈቃዱ ሦስተኛ ዓይነት ከተጻፈ ኮምፒውተሩ «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ ፋይሉን ሊያቆመው ይችላል። ማንም ላይነግራችሁ ይችላል። ማንነታችሁን እንድታረጋግጡ የተላከ መልእክት ካለ ለሱ ቅድሚያ ስጡ። የሶሻል ካርድና የመንጃ ፈቃድ ቅጂ አዘጋጁ።

ከዚያ ጻፉ። ስልክ ምስክር የለውም፤ ጽሑፍ አለው። በአካውንታችሁ በኩል መልእክት ላኩ፣ ያንኑ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላኩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። «ማመልከቻዬን ያስገባሁት በዚህ ቀን ነው። የማመልከቻ ቁጥሬ ይህ ነው። እስካሁን ውሳኔ አልደረሰኝም። የጽሑፍ ውሳኔ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የጎደለ ሰነድ ካለ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይነገረኝ።» አምስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። እንባ፣ ስድብ፣ የአሠሪው ክፋት እዚህ ቦታ የላቸውም። ቀን ጻፉበት፤ ፎቶ አንሱት።

በየሳምንቱ የሚሞላውን ቅጽ መሙላት አታቁሙ። ይህን ደጋግሜ የምለው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚጎዳ ነው። «ገና ስላልፈቀዱልኝ ለምን እሞላለሁ?» ብለው ይተዉታል። በኋላ ይግባኙን ሲረቱ ያልሞሉባቸው ሳምንታት አይከፈሏቸውም። ሥራ የፈለጋችሁበትን ዝርዝርም እንዲሁ ያዙ።

ይህ ሁሉ ሆኖ መልስ ከሌለ የስቴት ምክር ቤት ተወካያችሁ ቢሮ ደውሉ ወይም ጻፉ። ዋሽንግተን ካለው የኮንግረስ አባል ይልቅ የስቴቱ ተወካይ ይሻላል፤ መሥሪያ ቤቱ የስቴት ነውና። በየቢሮው የነዋሪዎችን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ አለ። ዜግነት አይጠይቁም፤ በአካባቢው መኖራችሁ ይበቃል። ወገኖቻችን ይህን መንገድ አይደፍሩትም፤ ሹም ማስቸገር ይመስላቸዋል። የሹሙ ሥራ ግን ይኸው ነው።

ቋንቋም መብት ነው። የሥራ አጥ መሥሪያ ቤቶች የፌዴራል ገንዘብ ስለሚቀበሉ በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ የሚቸግረውን ሰው በቋንቋው የማስተናገድ ግዴታ አለባቸው። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም በዚያ ሕግ ከሚገለገሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስልኩ ከተነሳ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉና ጠብቁ። አስተርጓሚው በነጻ ነው። በይግባኝ ችሎት ላይ ልጃችሁን ወይም ጓደኛችሁን አታስተርጉሙ። የሚቀዳ ቃል ነው፤ አንድ ቃል ሲዛባ ጉዳዩ ይበላሻል። ቀጠሮው ሲያዝ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ በጽሑፍ አስታውቁ።

ችሎቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። ቃለ መሐላ ትፈጽማላችሁ። «በጥፋት ተባረረ» ከተባላችሁ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም በተለምዶ የአሠሪው ነው። ሥራ አለመቻል ወይም መዘግየት ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ሕጉ የሚፈልገው ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ነው። በራሳችሁ ከለቀቃችሁ ግን በቂ ምክንያት እንደነበራችሁ ማስረዳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። የጽሑፍ መልእክት፣ የሥራ ፕሮግራም፣ የሐኪም ወረቀት ካላችሁ ከችሎቱ ቀን በፊት ላኩት። በዕለቱ «ስልኬ ላይ አለ» ማለት አይሠራም። የይግባኙ ቀን ካለፈባችሁም ዝም አትበሉ። ደብዳቤው የተሳሳተ አድራሻ መሄዱን ወይም ሆስፒታል መተኛታችሁን የመሰለ በቂ ምክንያት ካላችሁ በብዙ ስቴቶች ዘግይታችሁም መጠየቅ ይቻላል።

የአላባማዎቹን ጉዳይ እዚህ ያደረሰው ነጻ የሕግ አገልግሎት ነው። በየስቴቱ እንደዚያ ያለ ቢሮ አለ፤ አቅም ለሌለው ሰው አያስከፍልም። መልስ ጨርሶ ከጠፋ ወደዚያ ሂዱ። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ጠበቃው አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ ማመልከቻው የገባበትን ቀን፣ ከዚያ ወዲህ የላካችሁትን መልእክት ሁሉ፣ የደረሳችሁን ደብዳቤ ከነፖስታው፣ የሞላችሁባቸውን ሳምንታት ዝርዝር ነው።